ጽናት አላጣንም፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የሴቶች የሩጫና የተራራ ጉዞ ማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንዲሁም ከኋላ ሆናችሁ ብስኩቱን እየጨረሳችሁት ያላችሁ ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

«ንግግሩን አሳጥሪው» ተብያለሁ። እሞክራለሁ። ግን ማይክ የምይዘው በዓመት አንዴ ነውና ትንሽ ታገሱኝ።

ስለ ሴት ስፖርተኞች በተወራ ቁጥር የለመድናት አንዲት አባባል አለች። «ችግርን በጽናት ያሸነፈች» ትባላለች። ይጨበጨባል። ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ይህ ጭብጨባ ሰልችቶኛል። ለምን እንደሰለቸኝ ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ እንጦጦ ስንወጣ ቁልቁል የሚመጡትን እናቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ነው የሚወርዱት። ጎንበስ ብለዋል። ገመዱ ደረታቸው ላይ ተሻግሮ ታስሯል። ሸክሙ ወደ ጎን ስለሚሰፋ መኪና ሲመጣ ጥጋቸውን ይይዛሉ፤ አንዳንዷ በነጠላ ጫማ ናት። እኛ ቱታ ለብሰን፣ ውሃ ይዘን፣ የእጅ ሰዓታችንን እያየን ሽቅብ እንሮጣለን። እነሱ ያንኑ ዳገት ለዕለት እንጀራ ሲወጡትና ሲወርዱት ኖረዋል። ጽናት ቢያሸልም ኖሮ ሜዳሊያው እዚያው መንገድ ላይ ያልቅ ነበር።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ የጎደለን ጽናት አይደለም። የጎደለን ሰዓት ነው። ለከፋ የሌለበት መንገድ ነው። ልጅ የሚይዝልን ሰው ነው። ስንመለስ «የት ቆየሽ?» የማይል ቤት ነው። እነዚህን ስናገኝ ስፖርቱ ራሱ ሥራውን ይሠራል። ማኅበር ያስፈለገንም ለዚህ ይመስለኛል።

የሌሎችን ታሪክ በዚህ ዓይን እንየው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

ደራርቱን የማያውቅ የለም። የበቆጂዋ ልጅ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። በ2000 ሲድኒ ላይ ያንኑ ርቀት ደገመችው። ዜናው በሁለቱ ወርቆች መካከል ያሉትን ስምንት ዓመታት ዘሎ ያልፋል። የጉልበት ጉዳት ነበር። ወሊድ ነበር። ወልዶ ወደ ሩጫ መመለስ ምን እንደሆነ እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ሰውነቱ የራስሽ አይመስልም።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወድላት የ2009ኙን የኒውዮርክ ማራቶን ነው። ዕድሜዋ 37 ነበር። «ደራርቱ አለቀላት» የሚሉ ብዙ ነበሩ። ውድድሩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የእንግሊዟ ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን አሟት ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች። የወቅቱ የማራቶን ክብረ ወሰን ባለቤት ናት፣ ዋናዋ ተፎካካሪ። ሌላ ሯጭ ቢሆን ያኔ ፈትለክ ይላል። ደራርቱ ግን ዞር እያለች አበረታታቻት፣ ነይ አለቻት። ፓውላ አልቻለችም። ደራርቱም ቀጥላ አሸነፈች። ጎበዝ፣ እዚያ ሰዓት ላይ ስለ ሌላ ሰው የሚያስብ ጭንቅላት ከየት ይመጣል? እኔ ዳገት ላይ ስሜንም አላስታውስ።

አሁን ደግሞ ራቅ ልበልና ስለ አንዲት ጃፓናዊት ላውራችሁ። ጁንኮ ታቤይ ትባላለች። በ1975 ኤቨረስት ጫፍ ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ቀጭን፣ አጭር፣ የትንሽ ልጅ እናት። የሴቶች የተራራ ወጪዎች ክበብ ያቋቋመችው በ1969 ነው። ወደ ኤቨረስት ለመሄድ ገንዘብ ሲያሰባስቡ «ይልቅ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ልጅ አሳድጉ» ተባሉ። ይህን መልስ እኛም ስፖንሰር ፍለጋ ስንዞር ሰምተነዋል፣ በአማርኛ።

ታዲያ ምን አደረጉ? ታቤይ ፒያኖ እያስተማረች ገንዘብ አጠራቀመች። ዕቃ መግዛት ሲያቅታቸው የአሮጌ መኪና መቀመጫ ልባስ ቀደው ውሃ የማያስገባ ቦርሳና ከጓንት በላይ የሚደረግ ጓንት ሰፉ። እስቲ አስቡት፣ የዓለምን ትልቁን ተራራ ሊወጡ ያሰቡ ሴቶች መርፌና ክር ይዘው ቁጭ ብለው። ተራራው ላይ ደግሞ ሌሊት በተኙበት የበረዶ ናዳ ወረደባቸው። ታቤይ ከበረዶው ሥር ተቀብራ ራሷን ሳተች። የተራራው አገር ሰዎች የሆኑት መንገድ መሪዎች፣ ሸርፓዎቹ፣ ጎትተው አወጧት። ከ12 ቀን በኋላ ከሸርፓው አንግ ጸሪንግ ጋር ጫፉ ላይ ደረሰች።

የመጀመሪያዋ ሴት እየተባለች መጠራቱን ግን ብዙም አልወደደችውም። ኤቨረስትን የወጣሁ 36ኛዋ ሰው ነኝ ትል ነበር። ይህች አነጋገር ደስ ትለኛለች። ስትሰፋ አብረዋት የሰፉ ነበሩ፣ ስትቀበር የቆፈሩ ነበሩ። ብቻዬን ወጣሁት አላለችም።

የሲፋን ሐሰንን ነገር አጠር ላድርገው፣ ሁላችሁም በቲቪ አይታችሁታል። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድስ ገባች። ነርስነት እየተማረች ሩጫ ጀመረች። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በ1,500 ሜትር ማጣሪያ አንድ ዙር ሲቀር ወደቀች። ተነሳች፣ ሁሉንም አልፋ አንደኛ ወጣች፣ ማታ ደግሞ 5,000ውን በወርቅ ጨረሰች። በ2024 ፓሪስ ማራቶኑን ስትወስድ ሁለተኛ የወጣችው የኛዋ ትዕግስት አሰፋ ናት፣ በ3 ሰከንድ ልዩነት። ያን ቀን እኛ ቤት ግማሹ ይጨፍራል፣ ግማሹ ይናደዳል። ትዕግስትም ብትሆን በፊት የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ ሪዮ ላይ የሮጠችው በዚያ ርቀት ነው። ከዚያ ተነስታ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:11:53 ጨረሰች። «ጊዜው አልፎብኛል» የምትሉ አባላት ይህችን ያዙልኝ።

እስካሁን ያወራሁት ደስ የሚለውን ነው። የማያስደስተውንም ካላነሳሁ ግን ዋሸሁ ማለት ነው።

ስፖርት ሴትን ከሁሉም ነገር አያድናትም። ኬንያዊቷ አግነስ ቲሮፕ በመስከረም 2021 ሴቶች ብቻ በሚሮጡበት የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በወሩ ኢተን በሚገኘው ቤቷ ተወግታ ሞታ ተገኘች። የተከሰሰው ባለቤቷ ነው። ገና 25 ዓመቷ ነበር። ኡጋንዳዊቷ ሬቤካ ቼፕቴጌ በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ሮጣ በተመለሰች በሳምንታት ውስጥ የቀድሞ ጓደኛዋ ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጠላት፣ ሞተች። የጠቡ መነሻ ቤቷ ያለበት መሬት ነው ተብሏል። እነዚህ ሴቶች ጽናት አጡ? በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ጠንካራዎቹ ነበሩ። የሮጡበት ገንዘብ ግን ሰላም አልገዛላቸውም።

ከአግነስ ሞት በኋላ ጓደኞቿ ሯጮች ተሰባስበው በስሟ ድርጅት አቋቋሙ። ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ይረዳል። እኛም ከዚህ የምንወስደው አለ። የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ያቀረበውን ሐሳብ ከሰዓት በኋላ ትወያዩበታላችሁ፤ በዓመት ሁለቴ የሕግ ባለሙያ ጠርተን ስለ ቤት ካርታ፣ ስለ ባንክ ሂሳብ፣ ስለ ውክልና ብንማር የሚል ነው። «ይህ ከሩጫ ጋር ምን አገናኘው?» ያላችሁኝ አላችሁ። መልሴን አሁን ሰማችሁት።

ወደ ቤታችን ልመለስ።

ከአባሎቻችን አንዷ፣ ስም አልጠራም፣ መጀመሪያ ስትመጣ ቱታዋ ላይ ነጠላ ደርባ ነበር የምትወጣው። ጎረቤት ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እንዲመስለው ነው። እንጦጦ ስንደርስ ነጠላውን አራት ቦታ አጥፋ ፌስታል ውስጥ ትከታለች፣ ስንጨርስ አውጥታ ትለብሳለች። አንድ ቀን «አላብሽበትም እንዴ?» ብላት «ሰው ምን ይለኛል ከሚለው ላብ ይሻላል» አለችኝ። አሁን ሁለት የሰፈሯን ሴቶች ይዛ ትመጣለች። ነጠላው ቤት ቀርቷል።

ሌላዋ ለዓመታት ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። እንቅልፍ እምቢ ይላት ነበር። ሩጫው አዳናት አልልም፣ ሐኪም ጋርም ሄዳለች፣ አሁንም ትሄዳለች። ግን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚጠብቃት ሰው መኖሩ ረድቶኛል ትላለች። የቀረች ቀን ስልክ ይደወልላታል። በቃ፣ ይሄው ነው።

ስለ ጤናችን ጥቂት ልበል፤ በዚህ ዓመት ስላስቸገረን ነው። ደም ማነስ ያለብን ብዙ ነን። ድካሙን «ስንፍና ነው» ብላችሁ አትለፉት፣ ተመርመሩ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ስንጠጣ ሰውነታችን ከምግቡ አይረኑን በደንብ አይወስድም። ቡናው ይቅር አላልኩም፣ ማን ሰምቶኝ! ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። የወለዳችሁ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ወር ሩጫ የለም። በእግር ተራመዱ። ስትሮጡ ሽንት የሚያመልጣችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ የብዙዎቻችን ነው፣ ሕክምናም አለው፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ሂዱ። በወር አበባ ምክንያት የምትቀሩ ደግሞ እባካችሁ አትቅሩ። ከዚህ በኋላ በሚኒባሱ ውስጥ ሁልጊዜ ሞዴስና ፓናዶል ይኖራል። የጉዞ ኃላፊዋን በጆሯ ንገሯት፣ አለቀ።

ለጥቅምት ያሰብነው ጉዞ ወደ ባሌ ተራሮች ነው። የምንወጣው ተራራ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆንን ለምደናል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ልዩነቱ ሁለት ሺህ ሜትር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዲንሾ እናድራለን። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመራት ሰው ወደ ላይ አትቀጥልም። ካልተሻላት ወደ ታች ነው። እዚያ ላይ ጀግንነት የለም። ባለፈው ወንጪ ላይ «ደህና ነኝ» እያለች ያስመለሳትን እህት አስታውሱ፣ እሷም እየሳቀች ነው ያለችው።

ሕጋችንም እንደ ድሮው ነው። የመጨረሻዋ ሳትደርስ ሚኒባስ አይንቀሳቀስም። ፈጣኖቹ ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፣ እናነበዋለን፣ ሕጉ ግን አይቀየርም። ደራርቱ ኒውዮርክ ላይ ዞር ካለች እኛ ሱሉልታ ላይ ምን ቸገረን?

ዛሬ ከምትወስኗቸው ነገሮች አንዱን ብቻ ልለምናችሁ፣ ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆች የሚቆዩበት ቦታና የሚጠብቋቸው ሁለት ሞግዚቶች ያስፈልጉናል። ለዚህ ነው ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ከፍ ይበል ያልነው። መክፈል የማትችሉ አትክፈሉ፣ ማንም አይጠይቃችሁም። የምትችሉ ግን ጨምሩ። ባሎቻችን ቢይዙልን ጥሩ ነበር። የሚይዙም አሉ፣ ዛሬ እዚህ መጥተው ከኋላ የተቀመጡትን አይቻቸዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ባል ለሌላቸው፣ ባል ኖሮ ለማይዝላቸው፣ ወይም ቅዳሜ ጉልት ለሚወጡ ግን ሌላ መላ ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት ስማቸው ከመዝገባችን የጠፋ እህቶችን ስልክ ደውለን ስንጠይቅ ከብዙዎቹ የሰማነው ይህንኑ ነው፤ ልጅ የሚይዝልኝ አጣሁ።

አሰልጣኞቻችን፣ ዝናብ ሳይል ጭቃ ሳይል ለምትወጡ፣ ምስጋናችን ትልቅ ነው። ሚኒባሱን የሚነዳልን ወንድማችንም የምሥጋና ወረቀት ተዘጋጅቶለታል፣ ከምሳ በፊት እንዳይጠፋ ያዙት።

ኦዲተሯ ምልክት እያሳየችኝ ነው፤ ሰዓቴ አልቋል። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል። እንግዲህ የዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤያችን መከፈቱን በደስታ አበስራለሁ። የመጀመሪያው አጀንዳ የሂሳብ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ የደረሳችሁ ገጽ 2ን ግለጡ፤ ያልደረሳችሁ እጃችሁን አውጡ፣ ኮፒ አለ።