ጄሪ በረዶ ላይ ቀረ፤ ሙሽሮቹ ገቡ

ሚጣ፦ የመቅጃዋ ቀይ መብራት በርታለች?

አቡሽ፦ በርታለች። እሺ፣ ጤና ይስጥልን። ባለፈው ቃል እንደገባነው የቶምና ጄሪን የገና ክፍል እንደገና አይተን መጥተናል። ነገርየው 9 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ዛሬ አጭር ነን።

ሚጣ፦ እሱ አጭር ነን ካለ ወጥ ጥዳችሁ ስሙ።

አቡሽ፦ እውነቴን ነው። ብቻ መጀመሪያ የአክስቴን ሠርግ ላውራ።

ሚጣ፦ ይኸው።

አቡሽ፦ ከርዕሱ ጋር ይገናኛል! ስሚኝ። እኛ ቤት ዴክ፣ ያ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻው፣ አልነበረም። አክስቴ ቤት ነበረ። ዳንቴል ለብሶ ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠ፣ ያለ እሷ ፈቃድ የማይነካ። አንድ የገና ሰሞን የአጎቴ ልጅ ቶምና ጄሪን ከካሴት ቤት ተከራየ። ከጓደኛው ሌላ ዴክ አምጥቶ ሁለቱን አገናኘና ሊቀዳልን ተነሣ። ባዶ ካሴት ያስፈልጋል። መሳቢያ ውስጥ ምንም ያልተጻፈበት አገኘ።

ሚጣ፦ ወይኔ።

አቡሽ፦ ሠርጓ ነው።

ሚጣ፦ ወይኔ ሴትዮዋ! ከፍቶ አላየውም?

አቡሽ፦ ምን ያያል፣ ቸኩሏል። አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ መጨረስ አለበት። እየቀዳ ነው። ቶም ጄሪን ያሳድዳል። ጄሪ በሩ ላይ ባለችው የደብዳቤ ቀዳዳ ሾልኮ ወጣ። ቶም በሩን ጠረቀመበት። ውጭ በረዶ ነው። ጄሪ እየተንቀጠቀጠ ወዲያ ወዲህ ይላል። እዚህ ጋ እልም! መብራት ጠፋ።

ሚጣ፦ ለበዓል ሁሉም ምጣድ ሲሰካ መቼም...

አቡሽ፦ አዎ! ከዚያ ወዲህ ካሴቱን በከፈትነው ቁጥር ጄሪ በረዶ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ስክሪኑ ላይ ነጭ ነጭ መስመር ይሄዳል፣ ክርርር ይላል፣ ከዚያ አክስቴ በቬሎ ከች! ባሏ ኬክ ሲያጎርሳት።

ሚጣ፦ (ሳቅ) ቆይ፣ ቆይ...

አቡሽ፦ ኬኩ ከንፈሯ ላይ ቀርቷል። በመሃረብ ይጠርግላታል። አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ታናሽ ወንድሜ "ጄሪ ሞቶ ሠርግ ይበላል እንዴ?" ብሎ አለቀሰ።

ሚጣ፦ እና እስከ መቼ ነው መጨረሻውን ሳታየው የኖርከው?

አቡሽ፦ እስከ ባለፈው ሳምንት።

ሚጣ፦ በዩቲዩብ ዘመን?

አቡሽ፦ ሳልፈራ አልቀረሁም። ለእኔ ጄሪ እዚያ በረዶ ላይ ነው ያለው። ደግሞ ከበረዶው በኋላ አክስቴ ካልገባች ምኑን ገና ሆነ?

ሚጣ፦ እኔን ግራ ይገባኝ የነበረው በረዶው ራሱ ነው። እኛ በረዶ የምንለው ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠውን ነው። የነሱ ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ ይወርዳል። ጥጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። እናቴ የገና ዛፉ ላይ ጥጥ በጣጥሳ ትበትን ነበራ።

አቡሽ፦ የማን እናት ያልበተነች! ጽድ ላይ። ፊኛም ይታሰራል።

ሚጣ፦ ጥጡ በረዶ መሆኑ መሆኑን ያወቅኩት ኮሌጅ ገብቼ ነው። እናቴን ጠየቅኳት። እሷም አታውቅም። "ያምራል ብዬ ነው" አለች።

አቡሽ፦ ያምራል እኮ! የአክስቴ ቬሎም...

ሚጣ፦ ከሠርጉ ውጣ! አንብቤ መጥቻለሁ፣ ላውራበት። የሠሩት ሃናና ባርቤራ ናቸው፣ ኤምጂኤም ለሚባለው የአሜሪካ ፊልም ድርጅት። ከቶምና ጄሪ 3ኛው ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6፣ 1941 ነው። በማግስቱ ጃፓን የአሜሪካኖቹን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ደበደበች።

አቡሽ፦ በማግስቱ?

ሚጣ፦ በማግስቱ። ካርቱኑ የወጣበት ቀን በኛ ኅዳር 27፣ 1934 ማለት ነው። ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ከሰጠ 10 ቀን እንኳ አልሞላውም።

አቡሽ፦ ታዲያ ቶም የአያቴ እኩያ ነው በይኛ! አንተ እያልነው ነበር። ጋሽ ቶም!

ሚጣ፦ ጋሽ ቶም ለኦስካር ታጭተው ነበር። በዲዝኒው ፕሉቶ ተሸነፉ።

አቡሽ፦ በውሻ? ድመት በውሻ? (ሳቅ) አይ፣ ግን ይበላቸው። በዚያ ብርድ በር ይዘጋል?

ሚጣ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ቶም እኮ ተኝቷል። እሳት ዳር። ሰው አልነካም። ጄሪ ነው መጫወቻዎቹ መሃል ሲዘል ሲዘል መጥቶ፣ አሻንጉሊት መስሎት እላዩ ላይ የፈነጨበት። ድመት እቤት የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ሥራው ነው።

አቡሽ፦ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!

ሚጣ፦ ጌታ ተኝተው ነበር እያልኩህ ነው። ደግሞ ያንን ቅጠል አንጠልጥሎ የሸወደውስ? ሥሩ የቆመ ይሳማል የሚሉት ነገር። ቶም እንዴት እንደቀላ አይተሃል? ምስኪን።

አቡሽ፦ እሺ ቅጠሉን ልተውልሽ። በሩን ግን አልተውም። በሩን ከዘጋ በኋላ ተመልሶ ይተኛል አይደል? እንቅልፍ እምቢ አለው። ውጭ "ሳይለንት ናይት" ይዘመራል። ይገላበጣል። ፊቱን እዪው። አንድ ቃል ሳይናገር ጸጸቱ ፊቱ ላይ ነው። ወጥቶ ጄሪን ያገኘዋል፣ ደርቋል፣ እንጨት ሆኗል። አምጥቶ እሳት ያሞቀዋል። ነፍስ ሲዘራ ከረሜላ ይሰጠዋል። ያቺ ቆልማማዋ፣ ቀይና ነጯ። እና ሚጣ፣ ከረሜላዋ ምን እንደምትመስል ልብ ብለሻል?

ሚጣ፦ ምን?

አቡሽ፦ የገና ዱላ!

ሚጣ፦ ኧረ!

አቡሽ፦ ጫፏ የታጠፈ፣ ቁርጥ የገና ዱላ። አጎቴ ገጠር የሚጫወትባት ዓይነት። ጄሪ ደግሞ በሷ ነው የሚሠራው። ቶም ወተቱን ሊጠጣ ሲል ያስቆመውና በከረሜላዋ ከወተቱ ውስጥ ወጥመድ ያወጣለታል።

ሚጣ፦ ወጥመዱን ማን ከተተው?

አቡሽ፦ ...

ሚጣ፦ አቡሽ፣ ማን ከተተው?

አቡሽ፦ ጄሪ።

ሚጣ፦ ሌላ ጥያቄ የለኝም!

አቡሽ፦ ግን አወጣለት እኮ! ቶምም ጉድጓዱ በር ላይ ወጥመድ አስቀምጦለት ነበር፣ ሪባን የታሰረበት ፎርማጆ ያለው። ጄሪ ፎርማጆውን በዱላዋ ስቦ ሲወስድ ወጥመዱ እንደ መዝጋት ቀስ እያለ "ጂንግል ቤልስ"ን ይጫወታል። አለቀ።

ሚጣ፦ እና? ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ?

አቡሽ፦ ጥሩ ነው። ያምራል። ግን አልዋሽሽም፣ ወጥመዱ ዘምሮ ሲያበቃ ኬኩን ጠበቅኩ።

ሚጣ፦ (ሳቅ) በል አክስትህ መቼ ደረሱበት?

አቡሽ፦ ከአሜሪካ እንግዳ መጥቶ። "ሠርጌን ላሳይህ" ብላ ከፈተችው፣ ድመት ወጣ። የአጎቴ ልጅ በማማሰያ ነው የተባረረው። እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ።

ሚጣ፦ አሁንስ ታርቀዋል?

አቡሽ፦ ባለፈው ሙሉውን ክፍል በቴሌግራም ላኩላት። በድምፅ መለሰችልኝ። "አየሁት የኔ ልጅ፣ ደስ ይላል። እኔ ግን የቱ ጋ ነው የምገባው?"

ሚጣ፦ (ሳቅ) እኚህን ሴትዮ እዚህ አምጣልን! ስለ ሙዚቃው ደግሞ ምንም አላልንም።

አቡሽ፦ ለሚቀጥለው። አንቺ፣ ወጡ አላረረም?