የማናንግን ካርቶን ይዤ ወደ ሰሜን ፊሊፒንስ

እንደምን አመሻችሁ! ከሻርጃና ከአጅማን ድረስ የመጣችሁ፣ ነገ ሌሊት ፈረቃ ያላችሁም ጭምር፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ጉዞ ትንሽ አጫውቺን» ሲሉኝ፣ እኔ አስጎብኚ አይደለሁም ብዬ ነበር። እዚህ ዱባይ ሆቴል ላውንደሪ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ አንሶላ አጥፋለሁ። ግን ባለፈው መጋቢት የዓመት ፈቃዴን ሰሜን ፊሊፒንስ አሳልፌ መጣሁና ወሬው ተሰማ። «ስንት ጨረሰብሽ?» የማይለኝ ሰው የለም። እሱን አስቀድሜ ልገላገለው። የአውሮፕላን ትኬቱን ትታችሁ፣ አሥራ ሁለት ቀን በልቼ፣ ተኝቼ፣ ተሳፍሬ 1,300 ድርሃም አልሞላም። አንድ ድርሃም ያኔ ወደ 15 የፊሊፒንስ ፔሶ ገደማ ይመነዘር ነበር። ሂሳቡ ይኸው ነው፤ አሁን ወደ ጨዋታው።

ነገሩ የተጀመረው በካርቶን ነው። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት አለች። «ማናንግ» ነው የምላት። በሰሜኑ ሰው አፍ፣ በኢሎካኖ፣ «እትዬ» እንደማለት ነው። አገሯ ኢፉጋኦ ነው፤ ሉዞን ደሴት፣ ተራራው ውስጥ። ስድስት ዓመት አገሯ አልገባችም። ርካሽ ትኬት አግኝቼ ማኒላ ልሄድ ነው ስላት፣ በማግስቱ ካርቶን ተሸክማ መጣች። የወተት ዱቄት፣ ቸኮሌት፣ የወገብ ቅባት፣ አንድ ጥንድ ስኒከር። «ለአባቴ» አለች። እቃ አድርሱልኝን ለእናንተ አላስረዳም። የተፈቀደልኝን የሻንጣ ኪሎ ግማሹን በላብኝ። ግን ያ ካርቶን ባይኖር ኖሮ ማኒላ ሞል ለሞል ዞሬ ነበር የምመለሰው።

መንገዱን በአንድ ወረቀት ጀርባ ጻፈችልኝ። ማኒላ፣ ቪጋን፣ ባጊዮ፣ ሳጋዳ፣ ባናዌ፣ ባታድ። ከሥር ደግሞ ምክር፦ ረጅሙን መንገድ በሌሊት አውቶቡስ ሂጂ፤ የአልጋ ይቀርልሻል። እውነቷን ነው። ያልነገረችኝ የአውቶቡሱን ኤሲ ነው። ሬሳ ማቆያ በሉት! ፊሊፒኖዎቹ ብርድ ልብስ ይዘው ይገባሉ። እኔ በአንዲት ነጠላ ስንቀጠቀጥ አደርኩ። ደግሞ ከመሳፈሬ በፊት መናኸሪያው በር ላይ አንዱ «ወንበር አልቋል፣ የመጨረሻዋ እኔ ጋ ናት» ብሎ በእጥፍ ሸጠልኝ። ገብቼ ሳይ አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ነው። ትኬት ከመስኮቱ ብቻ ግዙ፤ ሌላ ምክር የለኝም።

ቪጋን ስደርስ ሊነጋ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፓኞች የቆረቆሯት ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳትፈርስ ስለተረፈች፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዘገባት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው።) በድንጋይ የተነጠፈው ዋናው መንገድ መኪና አይገባበትም። ካሌሳ የሚሉት አለ፤ ቱሪስቱ ተሻምቶ ፎቶ ይነሳበታል። ጋሪ ነው! ናዝሬት ላደገ ሰው ለጋሪ ገንዘብ ማውጣት አልዋጥ አለኝ። በእግሬ ዞርኩ። እውነቱን ለመናገር አንድ ጠዋት ይበቃል።

እዚህ ጋ ስለ ምግብ ልናገር፤ ለእኛ ሰው ዋናው ፈተና እሱ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። አሳማ የሌለበት ነገር የለም። የቪጋን ኢምፓናዳ ብርቱካናማ ቂጣ ነው፤ ውስጡ ጥሬ ፓፓያ፣ እንቁላልና የአሳማ ቋሊማ። አትክልት ነው ብላችሁ ያዘዛችሁት ፒናክቤት ውስጥ እንኳ የተብላላ የዓሣ ማጣፈጫ ወይም የአሳማ ቁራጭ ይወጣል። ስለዚህ አንዲት ሐረግ ያዙ፦ «ዋላንግ ባቦይ?» አሳማ የለበትም? ርካሹ ምግብ ካሪንደርያ የሚሉት ትንሽ ምግብ ቤት ነው ያለው። ድስቶቹ ተደርድረው ይጠብቋችኋል፤ ክዳን ከፍታችሁ አይታችሁ በጣት ትጠቁማላችሁ። ሩዝና አንድ ወጥ ከስድስት ሰባት ድርሃም አይበልጥም። እኔ ጾም ስለነበር በሩዝ፣ በጎመንና በሙዝ ነው የከረምኩት። ሙዛቸው ግን፣ ወላዲተ አምላክ ምስክሬ፣ እንደ አርባ ምንጭ ነው።

ባጊዮ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የማኒላን ሙቀት ያልቻሉት አሜሪካኖች ናቸው ለበጋ ማረፊያ የሠሯት፤ መንገዱን በ1905 ከፈቱ፣ በ1909 ከተማ ተባለች። ጥድ ይሸታል። ማታ ላይ ደግሞ ልክ የአዲስ አበባ ብርድ ነው። እኔ ጃኬት የለኝም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሃሪሰን የሚባለውን ጎዳና ለመኪና ይዘጉታል፤ ሰልባጅ ይዘረጋበታል። «ኡካይ ኡካይ» ነው የሚሉት፣ መቆፈር ማለት ነው። ቆፈርኩ። በስድስት ድርሃም ይሄን አሁን የለበስኩትን ጃኬት አገኘሁ። አትሳቁ፣ ሱፍ ነው!

ጂፕኒን ሳላነሳ አላልፍም። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ጥለውት ከሄዱት ጂፕ የተወለደ ታክሲ ነው። ወያላ የለውም። ኋላ የተቀመጠው ሰው ሂሳቡን ለጎኑ ያቀብላል፣ ያ ለሌላው፣ እየተቀባበለ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሳንቲም ሲጎድል አላየሁም። እኛ «ወራጅ አለ!» የምንለውን እነሱ «ፓራ!» ይላሉ። ዝቅተኛው ሂሳብ ያኔ 13 ፔሶ ነበር፤ አንድ ድርሃም አይሞላም። እኔ ቦታ ሞልቶ ሆን ብዬ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ እቀመጥ ነበር። ገንዘብ ማቀበሉ ጣመኝ።

ከባጊዮ ወደ ሰሜን የሚወጣው ሃልሰማ የሚሉት መንገድ ነው። ከፍ ባለው ቦታ 2,255 ሜትር ይደርሳል። ግራና ቀኙ ጎመንና ካሮት፣ ከዚያ ጭጋግ፣ ከዚያ ምንም አይታይም። ሊማሊሞን የወረደ ሰው አይደነግጥም። ከሰኔ እስከ ኅዳር ግን ቲፎን የሚሉት አውሎ ነፋስ አለ፣ ተራራው እየተናደ መንገድ ይዘጋል። ትኬት ረከሰ ብላችሁ በዚያ ወቅት እንዳትሄዱ።

ሳጋዳ የሚወራላት በሬሳ ሳጥኖቿ ነው። ገደል ላይ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ሰቅለዋቸዋል። አንዳንዶቹ አጫጭር ናቸው፤ ሟቹን እንደ ፅንስ አጣጥፈው ስለሚያስገቡት ነው። ሸለቆው «የገደል ማሚቶ» የሚል ስም አለው፤ ሳጥኖቹ አጠገብ ግን መጮህ ነውር ነው። መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ተመዝግባችሁ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ አስጎብኚ ትይዛላችሁ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አውቶቡስ ላይ ቆጥቡ፣ አልጋ ላይ ቆጥቡ፣ ሰልባጅ ልበሱ። የአስጎብኚውን ሂሳብ ግን አትከራከሩ። ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል። ከእኔ ጋር የነበሩ ሁለት ፈረንጆች ለአሥር ድርሃም ግማሽ ሰዓት ሲጨቃጨቁ፣ አስጎብኚው ልጅ መሬት መሬት ያይ ነበር። ያንን ዓይነት ዝምታ እኔ እዚህ በሥራዬ አውቀዋለሁ።

ቡናም ያበቅላሉ፣ አረቢካ። ያደርኩባት ቤት እናት አፈሉልኝ። የእኛ ቡና ዘር ነው፣ አገሩ ኢትዮጵያ ነው ብላቸው፣ አንድ ኩባያ ጨመሩልኝና «እንግዲያ ጠጪ፣ የራስሽ ነው» አሉኝ።

አሁን ወደ ካርቶኑ። ባናዌ ሲደረስ ሁሉም ወርዶ ፎቶ የሚያነሳበት ገደል አለ። የሩዝ እርከኖቹ በቀድሞው የ20 ፔሶ ኖት ጀርባ ላይ የታተሙት ናቸው። የሚገርመው፣ ዩኔስኮ በ1995 ሲመዘግብ ይህ ብር ላይ የወጣው ቦታ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የማናንግ መንደር ባታድ ግን ገብታለች። መኪናው የሚደርስበት ድረስ ደርሼ፣ ካርቶኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቁልቁል ወረድኩ።

ቲያትር ቤት አስቡ። ወንበሩ ሁሉ ውሃ የተኛበት እርከን ነው፣ መድረኩ ላይ መንደር። እያንዳንዱን እርከን የያዘው በእጅ የተካበ የድንጋይ ግንብ ነው። ኮንሶን ያያችሁ ነገሩ ይገባችኋል፤ ልዩነቱ እዚህ ውሃ ማቆሩ ነው። የቱሪስቱ ወሬ 2,000 ዓመቱ ነው ይላል። በቅርብ ጊዜ የቆፈሩ አርኪዮሎጂስቶች ደግሞ ሩዙ የተስፋፋው የዛሬ 400 ዓመት ገደማ ነው ይላሉ፤ ሰዉ ከስፓኞች ሸሽቶ ተራራ ሲወጣ። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ሽሽት ላይ ያለ ሰው ይህን ሠራ ማለት እኮ ነው።

የማናንግ አባት በባዶ እግራቸው መጡ። «አፖ» ብዬ እጅ ነሳሁ። የልጅ ልጃቸው ታስተረጉማለች። ካርቶኑን ሳይከፍቱ «ነይ ማሳውን ላሳይሽ» አሉ። መንገዱ የግንቡ አናት ነው። ስፋቱ ሁለት ጫማ ቢሆን ነው። በአንድ በኩል ጭቃ፣ በሌላው የሰው ቁመት የሚያህል ገደል። «ጫማሽን አውልቂ» አሉኝ። እኔ ጨዋ ለመሆን ብዬ አላወለቅሁም። አሥር እርምጃ ሳልሄድ አንሸራተተኝና ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። የልጅ ልጃቸው ሳቀች። እሳቸው እጄን ይዘው አወጡኝ፤ ከዚያ ግን እኔን አላዩም። ጎንበስ ብለው የረገጥኩትን ድንጋይ ነካ ነካ አደረጉት። ተነቃንቋል። ትንሽ ጠጠር ፈልገው ከሥሩ ሸጎጡና በተረከዛቸው መታ መታ አደረጉት።

ወዲያ ማዶ የተናደ ግንብ አሳዩኝ፤ ሣር በቅሎበታል። ዝናብ ነው፣ የምድር ትልም ግንቡን ይበሳዋል። ድሮ ልጆች ነበሩ፣ በሳምንት ይካብ ነበር። እርከኖቹን ዩኔስኮ በ2001 አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች ውስጥ ከትቷቸው ነበር፤ የወጡት በ2012 ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ወጣቱ መሬቱን ትቶ መሄዱ ነበር። የት ሄደ? አንዷ እዚህ ዱባይ ከእኔ ጋር አንሶላ ታጥፋለች።

ስሄድ ሁለት ኪሎ ሩዝ አሸከሙኝ። «ቲናዎን» ይሉታል፣ በዓመት አንዴ የሚደርስ ማለት ነው። ስኒከሩን በነጋታው አየሁት። ከነሳጥኑ፣ ከቅዱሳን ሥዕል አጠገብ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ዱባይ እንደገባሁ ማናንግ ላውንደሪው በር ላይ ጠበቀችኝ። ሩዙን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ «ጫማው ልኩ ሆነ?» አለችኝ።

«ልክክ ብሏል» አልኳት።