ቆጣሪው ተዘግቶም ውሃው ካልቆመ

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧ ሲፈነዳ ስለሚደረገው ነገር ነው፤ በተለይ እንደ አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና ሮቶ ከፍ ብሎ በተሰቀለበት ቤት።

ቧንቧ የፈነዳበት ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቆጣሪው ነው። ደግ ነው፣ ግን አይበቃም። እንዲህ ያለ ቤት ሁለት ውሃ አለው፤ የመስመሩና የሮቶው። ቆጣሪው ጋ ያለውን ቫልቭ ስትዘጉ የቆመው የመስመሩ ብቻ ነው። የሮቶው በራሱ ክብደት ይወርዳል። 2000 ሊትር የያዘ ሮቶ፣ በደቂቃ 20 ሊትር ቢያፈስ፣ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሳሎናችሁ ላይ ይፈሳል ማለት ነው። የሮቶውን መውጫ ብቻ ብትዘጉም፣ መስመሩ በቀጥታ ወደ ቤት የሚገባበት ቅርንጫፍ ካለ ፍሳሹ ይቀጥላል። ሁለቱንም ዝጉ።

ከዚያ በፊት ግን መብራቱ። ውሃው ሶኬት አጠገብ ከደረሰ ብሬከሩን አውርዱ፤ ብሬከሩ ያለበት ቦታ እራሱ ርጥብ ከሆነ ግን አትንኩት፣ ውጡና ባለሙያ ጥሩ። ግፊት ሲወርድ ራሱ የሚነሳ ፓምፕ ካላችሁ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ እሱ ሥራውን የሚሠራ መስሎት ይገፋል፤ አጥፉት። ቦይለሩንም አጥፉ፤ ውሃው ወርዶ ባዶውን ከጋለ ማሞቂያው ይቃጠላል። ቫልቮቹን ከዘጋችሁ በኋላ ዝቅ ያለውን ቧንቧ ክፈቱ፤ መስመሩ ውስጥ የቀረው በግድግዳው ሳይሆን በዚያ ይውጣ።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ለዓመታት ያልተነካ ጌት ቫልቭ (እጀታው ብዙ ዙር እየዞረ የሚዘጋው) በጭንቁ ሰዓት አይዞርም። በመፍቻ ሲያስገድዱት ዘንጉ ይሰበራል፤ አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል። በእጅ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያላችሁ አላሉት። በየሦስት ወሩ አንዴ መዝጋትና መክፈት ይህን ያስቀራል። ሙሉ በሙሉ ስትከፍቱትም ግማሽ ዙር መልሱት፤ ጫፍ ላይ እንዳይጣበቅ።

የት እንደፈነዳ ለማወቅ ቆጣሪው ይረዳችኋል። በቤቱ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግታችሁ፣ የሮቶውንም መግቢያ ዘግታችሁ የቆጣሪውን ቫልቭ ለአፍታ ክፈቱና መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ጥርስ እዩ። ከዞረች ፍሳሹ ያለው ከቆጣሪ በኋላ፣ የመስመሩ ውሃ በሚሄድበት ነው። ካልዞረች ከሮቶው በታች ፈልጉ። ከቆጣሪው በፊት ከሆነ ግን ጉዳዩ የውሃና ፍሳሽ ነው፤ 906 ላይ ደውሉ።

ለምን ፈነዳ? ውሃ ሰንብቶ ሲመጣ ከፊቱ አየር እየገፋ ነው፤ ቧንቧው እየተፋ የሚያስነጥሰው ለዚህ ነው። አየሩ ሲያልቅ ውሃው በድንገት ይላተማል፣ ደካማው መጋጠሚያም ይለቃል። የብረት ቱቦ የሚበላው ጥርስ የወጣለት ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ዚንኩ ተፍቋል። ፒፒአር፣ ማለትም በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቱቦ፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከዳው በብየዳው ነው።

ብየዳውን ቀረብ ብለን እንየው። ማሽኑ 260 ዲግሪ፣ ባለ 20 ሚሊሜትር ቱቦ 5 ሰከንድ፣ ባለ 25 ደግሞ 7 ሰከንድ። ከዚያ በላይ ከጋለ የቀለጠው ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀዳዳውን ያጠባል። ሲገባም ቀጥ አድርጎ መያዝ እንጂ ማዞር የለም። ዋናው ጠላት ግን ጠብታ ነው። ከላይ የምትንጠባጠብ ትንሽ ውሃ የጋለው ፕላስቲክ ላይ እንፋሎት ሆና አረፋ ትሠራለች፤ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ከሳምንት በኋላ ያለቅሳል። ጠብታው አልቆም ካለ የዳቦ ልብ ቱቦው ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጎ መበየድ ይረዳል፤ ዳቦው በኋላ ይሟሟና ማጣሪያ በሌለው ቧንቧ ይወጣል።

ሌላው ችግር፣ ሁለቱም ጫፍ ግድግዳ የያዛቸው ከሆነ የመጨረሻው መጋጠሚያ የሚገባበት ቦታ ያጣል። ወይ ዩኒየን (ተፈትቶ የሚገጠም መጋጠሚያ) ይገባል፣ ወይ ቱቦው ጎንበስ እንዲል በሁለቱም በኩል ግድግዳው ሰፋ ተደርጎ ይፈለፈላል። ሴራሚኩ አሳዝኗችሁ ትንሽ ብቻ ይሰበር ብላችሁ ሠራተኛውን አታስጨንቁት፤ ጠማማ ብየዳ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ በሁለት ፋሸታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ማሰር የብረት ቱቦን ትንሽ ቀዳዳ ለአንድ ሌሊት ይይዛል። በቁመቱ ለተሰነጠቀ ፒፒአር ግን አይሆንም።

ተጠግኖ ሲያልቅ፣ ብየዳው አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ። ከዚያ ከፍ ያለውን ቧንቧ፣ ሻወሩን ለምሳሌ፣ ክፍት አድርጋችሁ ቫልቩን ትንሽ ብቻ ከፍታችሁ ጀምሩ፤ አየሩ ቀስ ብሎ ይውጣ። ግድግዳውን በዚያው ቀን አትለስኑት፣ መጋጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ዳሱት፣ በማግስቱም ድገሙ። ቦይለሩ የመጨረሻው ነው፦ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሳያስነጥስ ወጥ ሆኖ ሲፈስ ካያችሁ በኋላ ብቻ አብሩት።