የማይለቅ ገመድ

እንደምን አላችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ከኋላዬ የምትሰሙት ጩኸት አውሮፕላን ነው። እዚህ ሲያትል፣ ሌክ ዩኒየን ላይ፣ ከውሃ የሚነሱ ትናንሽ አውሮፕላኖች አሉ። እኔም የምቀዳው እዚያው ሐይቁ ላይ፣ ጀልባዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው።

ጀልባዋ ካታሊና 22 ናት። ሰባት ሜትር አትሞላም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራች አሮጊት ናት። ስገዛት የዋናው ሸራ ገመድ፣ ሜንሺት የሚሉት፣ እጅ ይልጥ ነበር። ፑሊዎቹም ሲዞሩ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላሉ።

ባለፈው ክረምት ሁሉንም ቀየርኩ። ኩሽኔታ ያላቸው ፑሊዎች፣ 8 ሚሊ ሜትር የፖሊስተር ገመድ፣ ከዚያ ካም ክሊት። ካም ክሊት ማለት በሞላ የሚሠሩ ሁለት ጥርሳም ጉንጮች ናቸው። ገመዱን ስትስቡት ያሳልፋሉ፣ ስትተዉት ግጥም አድርገው ይነክሱታል። ወደ ላይ መንጨቅ ስታደርጉት ይለቁታል። ገመዱ ፑሊዎቹ ላይ አራት ጊዜ ስለሚመላለስ 40 ኪሎ የሚጎትት ሸራ በ10 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይያዛል። በነጻ ግን አይደለም፤ ሸራውን አንድ ሜትር ለማስጠጋት አራት ሜትር ገመድ ትስባላችሁ። ትርፉ እግር ስር ይከመራል።

ገጥሜ ስጨርስ ቆሜ ሞከርኩት። ቅቤ ነው። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

ባሕር ዳር ያደገ ጓደኛዬን ይዤ ወጣሁ። ሐይቁ ዳር ካለው ጋዝ ወርክስ ፓርክ ፊት ለፊት ስንደርስ ነፋሱ ድንገት ጨመረ። ጀልባዋ ተጋደመች። እንዲህ ሲሆን ገመዱን ለቀቅ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ነጨቅኩት። እምቢ! ደግሜ ነጨቅኩት። ጭራሽ ይባስ ነከሰው። ውሃው ጠርዙን አልፎ ገባ። የመሪውን እጀታ ወደ ሸራው በኩል ገፋሁት። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዞረች፣ ሸራው ተርገበገበ፣ ቀና አለች።

ጓደኛዬ ጫማው ውስጥ የገባውን ውሃ እየደፋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የጣና ታንኳ ደንገል ነው፤ እንዲህ ግን አድርጎኝ አያውቅም» አለኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ክሊቱን ወደ ላይ አቅንቼ ነበር የገጠምኩት። ቆሜ ስሞክር እጄ ከፍ ስላለ በቀላሉ ይለቃል። ጠርዝ ላይ ስቀመጥ ግን እጄ ዝቅ ይላል፤ በሳብኩት ቁጥር ገመዱን ወደ ጥርሱ እጨምረዋለሁ። ዕቃውን ስገዛ ሻጩን የጠየቅኩት ስለ መሳብ ብቻ ነበር። ስንት ኪሎ ይችላል፣ እጅ ያደክማል ወይ። እንዴት እንደሚለቅ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ሁለት ብሎን ፈታሁ፣ ክሊቱ የተቀመጠበትን ክንድ አንድ ቀዳዳ ዝቅ አድርጌ አሰርኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አሁን ከመውጣቴ በፊት ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንደዚያን ቀን ተንጋልዬ፣ እሞክረዋለሁ። ጎረቤት ጀልባ ላይ ያሉት ያዩኛል፣ ይዩኝ።

ትናንት ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «ቅዳሜ እንውጣ?» አልኩት።

ዝም አለ፣ ዝም አለና፣ «ገመዱ ይለቃል?» አለኝ።