86 ዓመቱን ራሱ ነው የጠየቀው

እሺ ሰላም ነው፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ ቤተር ኮል ሳውል፣ ስለ አሜሪካኖቹ ተከታታይ ፊልም፣ የመጨረሻ ክፍል ላወራ ነው፣ ያው በፈረንጆቹ ኦገስት 2022 የወጣው፣ ካላያችሁት አሁኑኑ ዝጉት ስፖይል ማድረጌ አይቀርም።

ሰውዬው ጂሚ ማክጊል፣ ማለት ሳውል ጉድማን በሚል ስም የሚሠራው ጠበቃ፣ ተይዞ አቃቤ ሕጎቹ ፊት ቁጭ ብሎ እኔም የዋልተር ዋይት፣ የዛ ዕፅ አምራች ደንበኛው፣ ተጎጂ ነኝ ብሎ አልቅሶ፣ ከጁሪው አንድ ሰው ካመነኝ ይበቃኛል ብሎ 7 ዓመት ገደማ ላይ አወረዳቸው። አርብ አርብ አይስክሬም ሳይቀር ጠየቀ፣ ድፍረቱ! ከዛ ፍርድ ቤት ገብቶ ድርድሩን በገዛ አፉ አፈረሰው፣ 86 ዓመት።

ብዙ ሰው ለኪም፣ ለቀድሞ ሚስቱ፣ ብሎ ነው ይላል። ልክ ነው፣ እንድትመጣ ያደረገው ራሱ ነው፣ ዞር ብሎ ሲያያት ፊቱ ላይ ይታያል። እኔን የሚበላኝ ግን የወንድሙ የቻክ ነገር ነው። ዋልተርን በወንጀሉ እንዴት እንደረዳው ከተናገረ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ቻክን አነሳ፣ የኢንሹራንሱን ጉዳይ እንዴት እንዳበላሸበት፣ ሰውዬው ጥብቅናውን ማጣቱን፣ ከዛ ራሱን ማጥፋቱን። በኋላ ጠበቃው ያ እኮ ወንጀል እንኳን አይደለም ሲለው፣ ነው አለ። በቃ፣ አንድ ቃል። ለኪም ብቻ ቢሆን ቻክ ምን አገባው?

እና እዛው ክፍል ውስጥ ሰዎችን የጊዜ ማሽን ቢኖርህ የት ትሄዳለህ እያለ ይጠይቃል አይደል፣ ማይክ፣ ድሮ ፖሊስ የነበረው፣ መጀመሪያ ጉቦ የበላሁበት ቀን ይላል፣ የምር ይመልሳል፣ ጂሚ ግን ስለ ገንዘብ ያወራል፣ ዋልተር ጋ ደግሞ ሆን ብሎ ወድቆ ጉልበቱን ስለጎዳበት ቀን። ሁለቴም አመለጠ። ቀጥሎ ቻክ ቤት አስቤዛ ሲያደርስ እናያለን፣ ቻክ ቁጭ በል ስለ ደንበኞችህ እናውራ ይለዋል፣ ጂሚ ሊተቸኝ ነው ብሎ ጥሎት ይወጣል፣ ቻክ የጊዜ ማሽን የሚለውን መጽሐፍ ይዞ ይቀራል። ለኔ ጥያቄውን የመለሰው ፍርድ ቤት ነው፣ ያቺን ምሽት ነው የፈለገው።

መጨረሻ ላይ እስር ቤት ከኪም ጋር የሚያጨሱት ሲጋራ ላይ ብዙ አልልም፣ ጥቁርና ነጭ ውስጥ እሳቱ ብቻ በከለር መሆኑ ያምራል ግን ትንሽ በዛብኝ።

ከጓደኛዬ ጋር ያልተስማማነው ወደ እስር ቤት በሚወስደው አውቶብስ ላይ ነው። ስሜ ማክጊል ነው ብሎ ዳኛዋ ፊት ተናግሮ ሲያበቃ አውቶብሱ ውስጥ እስረኞቹ ቤተር ኮል ሳውል እያሉ ጨፈሩለት፣ ጓደኛዬ ቅጣቱ ይሄ ነው ትላለች፣ እኔ ደግሞ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ ባይ ነኝ።