ሆዱ የሾለ መኪና

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች፤

እንደምን አረፈዳችሁ። ስለ ተሽከርካሪ ንድፍ እንድናገር ስትጋብዙኝ ስለ ፍጥነትና ስለ ነዳጅ ቁጠባ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የማነሣው ገና ወረቀት ላይ ሳለ እንዲገነጣጠል ታስቦ ስለተሠራ መኪና ነው፤ ፈንጂ ስለሚቋቋም ወታደር ማመላለሻ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ነገሩ የተጠነሰሰው ያኔ ሮዴዥያ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ዚምባብዌ ነው። ከ1972 ማብቂያ ጀምሮ የነጻነት ታጋዮቹ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ባሉ የአፈር መንገዶች ላይ ፀረ ተሽከርካሪ ፈንጂ መቅበር ያዙ። የጥቂት ነጮች መንግሥት ጦር የሚንቀሳቀሰው በላንድሮቨር ነበር። መጀመሪያ ወለሉ ላይ የአሸዋ ከረጢት ደለደሉ፤ ቀጥሎም ጎማዎቹን ውሃ ሞሉ፤ ውሃው የፍንዳታውን ጉልበት በከፊል ይውጥላቸዋልና። ሁለቱም ዘዴ ጥቂት ሰው አትርፏል። ይሁን እንጂ መኪናው ያው ጠፍጣፋ ሆድ ያለው፣ ከመሬት ብዙም ያልራቀ መኪና ነበር።

አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ተጥሎባት ስለነበር ብረት ለበስ እንደልብ ገዝታ አታስገባም። ስለዚህ ሥራው ጋራዥ ውስጥ ወደቀ። ኧርነስት ኮንሼል የሚባል መሐንዲስ ሌፐርድ የተባለች መኪና ሠራ። ሞተሯና የእግሯ ክፍሎች ከቮልስዋገን ኮምቢ የተወሰዱ ናቸው። ሰዎቹ የሚቀመጡበት ሣጥን ጠባብ፣ ከሥሩ የሾለ ሆኖ መሐል ላይ ከፍ ብሎ ተቀመጠ፤ ጎማዎቹ ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተገፍተው ከሣጥኑ ራቁ። ይኸው ሰው ቆይቶ ፑኪ የተባለውን የፈንጂ ማሰሻ መኪና አወጣ። ፑኪ የተጫማው ሰፋፊ የፎርሙላ አንድ መወዳደሪያ ጎማ ነው፤ ክብደቱ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ከባድ ጫና የሚጠብቀው ፈንጂ አይነቃበትም። ከአጀቡ ፊት ፊት እየሄደ ብረት ያሽትት ነበር። የጦርነቱን ዓላማ ሳልወድ የመሐንዲሱን ብልሃት አደንቃለሁ፤ ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት ግን እንደምታዩት ቀላል አይሆንም።

አሁን ወደ እናንተ ሙያ ልግባ። የተቀበረ ፈንጂ ሲፈነዳ ዙሪያውን የያዘው አፈር ጉልበቱን ወደ ላይ ያተኩረዋል። የሚወነጨፈው ጋዝ ብቻ አይደለም፤ አፈሩና ድንጋዩም አብሮ ይመጣል። ከላዩ ጠፍጣፋ ወለል ካገኘ ያለ የሌለ ጉልበቱን እዚያ ላይ ያራግፋል። የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ወለሉን ማወፈር ነው። ወለሉ ሲወፍር መኪናው ይከብዳል፣ ሲከብድ ሞተሩ ያቃስታል፣ ባሌስትራው ይሰበራል፣ ጠላት ደግሞ ሁለተኛ ፈንጂ ከመጀመሪያው ላይ ይደርባል። ፈንጂ መደረብ ብረት ከማወፈር ይረክሳል።

ርቀት ግን ክብደት የለውም። ሰውየውን ከመሬት ጥቂት ከፍ ብታደርጉት የሚደርስበት ጫና እጅግ ይቀንሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ቅርጽ ነው፤ የጎጆን ክዳን ገልብጣችሁ ከመኪናው ሥር ብታስቀምጡት፣ ዝናቡን ወደ ግራና ቀኝ እንደሚያፈስ ሁሉ ፍንዳታውንም ከታች ተቀብሎ ወደ ጎን ያፈሰዋል። ሦስተኛው ነገር መሥዋዕትነት ነው፦ ጎማው፣ ቸርኬው፣ አክስሉ ተገንጥሎ ይሂድ፤ ሣጥኑ ይቅር። በቀላሉ የሚፈታና የሚቀየር ከሆነ ያው መኪና ጥቂት ቆይቶ ሊመለስ ይችላል።

ደቡብ አፍሪካውያን ይህንን ወስደው ፋብሪካ አስገቡት። በ1978 አካባቢ ቡፈል የሚባለው በመርሴዲስ ዩኒሞግ ሻንሲ ላይ ተሠራ። አሥር ወታደር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ ወደ ውጭ ይመለከታል፤ ሾፌሩ ብቻውን ከሞተሩ ጎን በራሱ ሣጥን ውስጥ ነው። ላዩ ክፍት፣ ቁመቱ ረጅም፤ ኩርባ ላይ የመገልበጥ አመል ነበረበት። ከዚያ የአገሪቱ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ለፖሊስ ካስፒርን ነደፈ። ካስፒር ሌላ ሻንሲ ላይ የተጫነ ሣጥን አይደለም፤ ብረት ለበሱ አካል ራሱ ሻንሲው ነው። ከአንድ ጎማ ሥር ሦስት የሩሲያ ቲኤም-57 ፈንጂ በአንድነት ቢፈነዳ፣ ማለትም ወደ 21 ኪሎ ቲኤንቲ፣ ውስጥ ያሉትን እንዲያተርፍ፤ ከሆዱ ሥር ደግሞ የሁለቱን፣ የ14 ኪሎውን፣ እንዲችል ተደርጎ ተሠራ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ተማሪ ሁልጊዜ ብረቱን እንጂ ወንበሩን አያይም። ሣጥኑ ሳይበሳ ሰው ሊሞት ይችላል። በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ወለሉ ወደ ላይ ይመታል፤ እግሩን ወለል ላይ የዘረጋ ሰው ቁርጭምጭሚቱና ቅልጥሙ ይሰበራል። ወንበሩ ወለሉ ላይ በብሎን ከታሰረ ምቱ በቀጥታ ወደ አከርካሪው ይሄዳል፤ ስለዚህ በኋላ የተሠሩት ብዙዎቹ ወንበሩን ከግድግዳው ወይም ከጣሪያው ላይ አንጠለጠሉት። ቀበቶ ያላሰረ ወታደር ጭንቅላቱ ጣሪያውን ይመታል። ያልታሰረ ክሪክ፣ የጥይት ሣጥን፣ የእሳት ማጥፊያ ሁሉ ራሱ ጥይት ይሆናል። ወታደር ቀበቶ አይወድም፤ ቶሎ መውረድ ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ እጅ በቅጽበት የሚፈታ ቀበቶ መንደፍ የወለሉን ላሜራ ውፍረት ከማስላት አያንስም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገው ውስጥ ለተቀመጠው ነው። ውጭ ያለውስ? ናሚቢያ ውስጥ ኩፉት የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ክፍል በካስፒር ጫካ እየጣሰ የነጻነት ታጋዮችን ዱካ ተከትሎ ያሳድድ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ያው መኪና በራሷ በደቡብ አፍሪካ ወደ ጥቁሮች ሰፈር ገባ። እዚያ አስፋልቱ ሥር የተቀበረ ፈንጂ አልነበረም፤ የነበረው ድንጋይ የያዘ ተማሪ ነው። በአፓርታይድ ዘመን ላደገ ደቡብ አፍሪካዊ ካስፒር የደኅንነት መሣሪያ አይደለም፤ የፍርሃት መልክ ነው። አፓርታይድ ካበቃ በኋላ ደግሞ ይኸው ካስፒር በሞዛምቢክና በአንጎላ ፈንጂ አምካኞችን ተሸክሞ ተሰማራ።

ወደ ኢራቅ ልሻገር። አሜሪካኖች የገቡት ሃምቪ በሚባለው ቀላል ወታደራዊ መኪና ነው፤ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ለመሬት የቀረበ። መንገድ ዳር የሚቀበረው ፈንጂ ሲበረታ የጎን ብረት ጨመሩበት፤ ሆዱ ግን ያው ሆድ ነው። የደቡብ አፍሪካው ዕውቀት የተደበቀ አልነበረም። ካስፒርን ከነደፉት አንዱ የሆኑት ቨርነን ጆይንት በኋላ በደቡብ ካሮላይና በሚገኘው ፎርስ ፕሮቴክሽን ኩባንያ ሠርተዋል፤ የዚህ ኩባንያ ኩገር የተባለ መኪናም ቦምብ አምካኞችን ይዞ በ2004 ኢራቅ ውስጥ ነበር። በየካቲት 2005 የባሕር ኃይል እግረኞቹ አዛዦች 1,169 እንዲህ ያለ መኪና በአስቸኳይ ጠየቁ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተኛ። በግንቦት 2007 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ ጉዳዩን የመሥሪያ ቤቱ ዋና የግዢ ቅድሚያ አደረጉት፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ በወር ከ1,000 በላይ ይመረት ጀመር። በመጨረሻ ወደ 27,000 ገደማ ተገዛ፤ ወጪው ከ40 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። አስቡት፤ ብየዳው፣ ብረቱ፣ ስሌቱ ሁሉ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ነው። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ አንድ ባለሥልጣን የሚጽፈው ፊርማ ነው። ጦርነቱ አጭር ነው ብሎ ያመነ ቢሮ ለረጅም ጦርነት የሚሆን መኪና አይገዛም።

አፍጋኒስታን ሌላ ትምህርት ሰጠች። ለኢራቅ ጎዳና የተሠራው ከባድ መኪና በተራራው ጠባብ መንገድ ይገለበጣል፣ የመንገዱ ጠርዝ ይናድበታል። ቀለል ያለና እያንዳንዱ ጎማው ለብቻው ከፍ ዝቅ የሚል ሌላ ሞዴል ከ2009 ጀምሮ ተተካ። ከጦርነቱ የተረፉት አንዳንዶቹ ወደ አሜሪካ ከተሞች ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ በ2014 ፈርጉሰን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ፖሊስ አንድ ጥቁር ወጣት ገድሎ ተቃውሞ ከተቀሰቀሰ በኋላ ይህ ትልቅ ክርክር አስነሣ። ሶዌቶ በሚባለው የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ሰፈር ያደገ ሰው ክርክሩን ሲሰማ እንግዳ የሚሆንበት አይመስለኝም።

ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ ከኤርትራ ጋር እስከተደረገው የ1998ቱ ጦርነት ድረስ መሬታችን ፈንጂ ተቀብሮበታል። ጎረቤት ሶማሊያ ውስጥ የአፍሪካ ኅብረት ጦር ካስፒር ይዞ ተንቀሳቅሷል። ኢትዮጵያ የኦታዋን ስምምነት በ2004 አጽድቃለች። ነገር ግን ስምምነቱን አንብቡት፤ የሚከለክለው ፀረ ሰው ፈንጂን ነው፤ ዛሬ ስናወራ የዋልነው ፀረ ተሽከርካሪ ፈንጂ በዚያ አልታገደም። ያ ፈንጂ ደግሞ ወታደር የጫነውን መኪናና ገበያተኛ የጫነውን አይሱዙ አይለይም። አይሱዙው ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከላይ የተሳፈረው ሰው ደግሞ የተቀመጠው ጎማው አናት ላይ ነው።

የምታወጡት የመመረቂያ ንድፍ ወታደራዊ እንዲሆን አልጠይቅም። የጭነት መኪና አካል የሚበይዱ ጋራዦች በየከተማችን አሉ። የሾፌሩን ወንበር ከወለሉ አላቅቆ ማንጠልጠል፣ ክሪኩንና መለዋወጫውን ማሠር፣ ተሳፋሪውን ከጎማው ማራቅ በእነዚህ ጋራዦች ምን ያህል ያስወጣል? ስሌቱን የሠራ ቡድን ካለ ከሰዓት በኋላ ዎርክሾፑ ውስጥ ስለምቆይ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። አመሰግናለሁ።