ሰላምና ወተት፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

«እናንተ የሰላም ማኅበር ናችሁ፤ አፈርና ውሃ ምን አገባችሁ?» የሚለን ሰው አይጠፋም። ነገሩን ከወተት ልጀምርላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኃያላኑ አገሮች የኑክሌር ቦምብ በአየር ላይ ይሞክሩ ነበር። ከፍንዳታው የሚወጣው ስትሮንቲየም-90 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ከዝናብ ጋር ወርዶ ሣር ላይ ያርፋል። ሣሩን ላም ትግጠዋለች፣ ወተቷን ልጅ ይጠጣል። ንጥረ ነገሩ ከካልሲየም ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነት አይለየውም፤ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ይቀመጣል። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የወለቀ የወተት ጥርስ ከየቤቱ አሰባስበው መረመሩ። እዚያው ውስጥ አገኙት።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1961 በ60 ያህል የአሜሪካ ከተሞች ሴቶች ሥራቸውንና ጓዳቸውን ትተው የኑክሌር ሙከራውን በመቃወም አደባባይ ወጡ። በ1963 በአየር፣ በውሃ ውስጥና በህዋ መሞከርን የሚከለክለው ስምምነት ተፈረመ። ሴቶቹ ብቻቸውን አላመጡትም፤ ግፊታቸው ግን ቀላል አልነበረም። ከመሬት በታች መሞከሩ ቀጠለ። አፈር ተቆርቋሪ አላገኘም መሰለኝ።

ፈረንሳዊቷ ጸሐፊ ፍራንስዋዝ ዶቦን ስለ ኢኮፌሚኒዝም፣ ማለትም የሴቶችንና የተፈጥሮን ጉዳይ አያይዞ ስለሚያየው አስተሳሰብ፣ የጻፈችው በ1974 ነው። ሥራው ቀድሞ ተጀምሯል ማለት ነው።

በዲሴምበር 1982 ደግሞ 30,000 ሴቶች እንግሊዝ አገር ግሪንሃም ኮመን ላይ የኑክሌር ሚሳይል ሊቀመጥበት የነበረውን የጦር ሰፈር እጅ ለእጅ ተያይዘው ከበቡት። አጥሩ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሽቦው ላይ የልጆቻቸውን ልብስና ፎቶ ሰቀሉ። ሚሳይሎቹ መጥተው የመጨረሻዎቹ የወጡት በ1991 ነው። ዛሬ ቦታው ላይ ከብት ይግጣል።

እዚህ ላይ አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ፤ «ሴት በተፈጥሮዋ ሰላማዊ ናት» የሚባለው። ጦርነት ያወጁ ሴት መሪዎችን እናውቃለን። ይልቅ ጉዳዩ የሥራ ክፍፍል ነው። በብዙ ቦታ ውሃ የምትቀዳው፣ ልጅ የምትመግበው ሴት ናት። ጉድጓዱ ሲመረዝ ቀድማ የምታውቀውም እሷ ናት፤ ስምምነት ሲፈረም ግን ጠረጴዛው ዙሪያ አትታይም።

ለዚህ ነው ከሰዓት በኋላ አንድ የውሳኔ ሐሳብ የምናቀርበው። የግጭት ሪፖርቶቻችን ከሟችና ከተፈናቃይ ቁጥር ጎን የተበላሸ ጉድጓድ፣ የተቃጠለ ደን፣ ፈንጂ የተቀበረበት ማሳም ይመዝግቡ። ሥራ ይበዛል፣ አውቃለሁ። የሒሳብ ሹማችን ፊት ከአሁኑ ሲጨማደድ ይታየኛል።

ጉባኤው ተከፍቷል። ዋና ጸሐፊያችን፣ መድረኩ ያንቺ ነው።